ሰፈር ሁሉ የጠበቀው ምስጢር

እኛ ሰፈር ሰው የሚታመመው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በገዛ ገላው፣ አንዴ በሰው አፍ። የመጀመሪያው ሊድን ይችላል። ለሁለተኛው ግን እስካሁን መድኃኒት አልተገኘለትም። ሰውየው ድኖ፣ ወፍሮ፣ ልጅ ድሮ እንኳ «ያ ኪንታሮታሙ» እየተባለ ይኖራል።

በእንዲህ ያለ ሰፈር የክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ማለት የማር ቀፎ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። የተቀመጠችው ሴት ደግሞ ሰው ሁሉ ተስፋ የጣለባት ነበረች። እናቷ በዘመናቸው የሰፈሩ ዜና አንባቢ ነበሩ። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው እሳቸው በር ላይ ሳይቆም አይመለስም፤ ባልና ሚስት ከተጣሉ እንኳ የጠባቸውን ምክንያት የሚያጣሩት ከእሳቸው ነው ይባል ነበር። ልጃቸው ክሊኒክ ስትቀጠር ሰፈሩ በደስታ እጁን አፋተገ፤ ምንጩ ላይ የራሳችን ሰው ተቀመጠች ተባለ።

ምን ዋጋ አለው፣ ሴትየዋ ከእናቷ ዓይናቸውን፣ ቁመናቸውንና ሳቃቸውን ወርሳ አፋቸውን ትታው መጣች። ነገር የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ቀዳዳ አልነበራትም። ሰፈሩም ተስፋ ሲቆርጥ «ካዝና» ብሎ ሰየማት። ባሏ እንኳ የተለያት «ይህን ያህል ዓመት አብረን ኖረን አንድ ቀን ማን ምን እንደታመመ አልነገረችኝም» ብሎ ነው ይባላል። ውሸት ሊሆን ይችላል። ግን ማን ያጣራል? ከሷ እንደሆነ አይወጣም።

ክሊኒኩ ድሮ መኖሪያ ቤት ነበር። ሳሎኑ ተራ መጠበቂያ፣ መኝታ ቤቱ የዶክተሩ ክፍል ሆኗል። ካዝና ከመምጣቷ በፊት ነርሷ በር ላይ ቆማ ሰው የምትጠራው በበሽታው ነበር። «የኪንታሮቱ፣ ግባ። የሽንት ቧንቧዋ፣ ነይ ውጤትሽ ደርሷል።» ሰውም የራሱን በሽታ በሰው ፊት ላለመቀበል ተራውን እያሳለፈ ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ካዝና ይህን አስቀረች። ባለተራው አጠገብ ሄዳ ጎንበስ ብላ በጆሮው «ተራዎት ነው» ትላለች። ውጤት ስንት ቀን ይፈጃል ብሎ የሚጨቀጭቃት ካለ መልሷ አንድ ነው፤ «ሲደርስ ይጠራሉ።» መንገድ ላይ ደግሞ ታካሚን አታውቅም። ጠዋት ደሙን ሲሰጥ ያየችው ሰው ከሰዓት ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ቢቀመጥ፣ «ጠዋት ተያይተን አልነበረም እንዴ?» ቢላት፣ «እኔ ጠዋት የት ነበርኩ?» ብላ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

ዶክተሩ ይኮራባታል። አንድ ጊዜ ከሥልጠና ሲመለስ አዲስ ቦርሳና አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሠራተኛውን፣ ነርሷንም፣ የላቦራቶሪውን ሰውዬም፣ ዘበኛውንም ሰብስቦ ስለ ታካሚ ምስጢር ረጅም ንግግር አደረገ። የታካሚ ጉዳይ ለሚስት ቢሆን፣ ለባል ቢሆን፣ ለወለደች እናት ቢሆን ያለ ታካሚው ፈቃድ አይነገርም አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ካዝና ግን አልነቀነቀችም፤ ለሷ ይህ «በር ሲገባ ይዘጋል» እንደማለት ነበር።

አንድ ቀን የሸሚዟን የአንገት ቁልፍ ስትቆልፍ ጣቷ አንዲት እብጠት ነካ። የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። ለዶክተሩ አሳየችው። ዶክተሩ ዳበሰ፣ ዋጥ አድርጊ አላት፣ እንደገና ዳበሰ፣ ፊቱ ሳይለወጥ «ለማንኛውም ናሙና ይወሰድ» አለ። ትልቁ ሆስፒታል ሄዳ በቀጭን መርፌ ተወሰደላትና ሥራዋ ላይ ተመለሰች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጣል አድርጋ ውጤቷን መጠበቅ ጀመረች።

ውጤቱ ቶሎ ደረሰ። የትምህርት ቤት ጓደኛው የሆነ ቀዶ ሐኪም ለዶክተሩ ደውሎ ነገረው። እብጠቱ ጥሩ ዓይነት አይደለም፣ ግን ቶሎ ከወጣ የሚድን ዓይነት ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ትምጣ፤ ካልመጣች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ቀጥሎ የሚገኘው ቀጠሮ ሩቅ ነው፣ እብጠቱ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም።

አሁን ያ ንግግር ያደረገው ዶክተር ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ካርድ ክፍሏ ከሱ ክፍል በአንድ በር ነው የሚለየው። በሩን ከፍቶ «ነይ እስቲ» ቢላት አለቀ። እሱ ግን አዘነላት። «እሷ እኮ ታካሚ ብቻ አይደለችም፣ እንደ ቤተሰብ ናት» አለና ወደ ቤተሰቧ ደወለ።

ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ስብሰባ ካልመራ ምግብ አይፈጭለትም። ዶክተሩ የስልኩን ነገር ሁሉ ዘርዝሮ ነገረው። ወንድምየው «ጥሩ ዓይነት አይደለም» እስከሚለው ድረስ ሰማ፤ «ግን» ከሚለው በኋላ ያለውን ጆሮው አልተቀበለም። ሐሙስን ብቻ እንደ ምንም ያዘ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ለኔ ተውልኝ ዶክተር፤ እኔ በዘዴ እነግራታለሁ» አለ። ዶክተሩም ትልቅ ድንጋይ ከጀርባው የወረደለት ያህል ቀለለው።

ወንድምየው ለመንገር አመቺ ቀን ፈለገ። መጀመሪያ ሲሄድ እየሳቀች አገኛት፤ እንዴት ሳቋን ላጥፋባት ብሎ ተመለሰ። ሌላ ቀን ደክሟት አገኛት፤ በድካሟ ላይ ደግሞ አለ። ሌላ ቀን ዝናብ ጣለ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዝናብ ይነገራል እንዴ? ነገሩ ሆዱን ሲያቃጥለው ለሚስቱ ነገራት፤ ከኔና ካንቺ እንዳያልፍ አላት። ሚስቱ ለእህቷ ነገረች፤ ላንቺ ብቻ ነው አለቻት። እህቷ ጸጉሯን ልትሠራ ሄዳ ለጸጉር ሠሪዋ ላንቺ ብቻ አለቻት። ጥቂት ቆይቶ ሰፈሩ በሙሉ «አንቺ ብቻ» ሆነ።

እዚህ ላይ ሰፈራችን ከተቆረቆረ ጀምሮ ያልታየ ነገር ታየ። ሰፈሩ ምስጢር ጠበቀ። ያ የማን በግ እንደጠፋ ከባለበጉ በፊት የሚያውቀው ሰፈር፣ አፉን በእጁ ይዞ ቁጭ አለ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ለሁሉም ነግሯል፣ ነገሩ ያልደረሳት አንዲት ሴት ብቻ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶች፣ ደባቂው በሽተኛው ይሆናል ብለው ነበር። በሽታው ከበሽተኛዋ ተሰውሮ በሰው ቤት ሁሉ ሲዞር አላዩም።

ካዝናም ውጤቷን አልጠየቀችም። ስንቱን ሰው «ሲደርስ ይጠራሉ» ስትል የኖረች ሴት ዛሬ በምን አፏ «የኔስ?» ትበል? አፈረች። ካልተጠራሁ አልደረሰም ማለት ነው ብላ ተቀመጠች። ዶክተሩ ደግሞ ወንድሟ ነግሯታል ብሎ አምኖ በብርታቷ ይደነቃል። ይህን ሰምታ አንድ ካርድ እንኳ አልሳተችም፣ ምን ዓይነት ብረት ናት ይላል በልቡ።

በዚህ መሐል ሰፈሩ ደግ ሆነ። ሁልጊዜ የበሰበሰ ቲማቲም ከሥር የሚደብቅባት አትክልት ሻጭ አንድ በአንድ እየመረጠ ይሰጣት ጀመር። የታክሲው ረዳት «እናቴ፣ ጋቢና ግቢ» ይላታል። በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልታት ዓመታት የዘጋቻት ጎረቤቷ በሯ ድረስ መጥታ እንታረቅ አለቻት። አከራይዋ ስንት ጊዜ ለምናው እምቢ ያለውን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሳትጠይቀው አሠራላት።

ካዝና ሞኝ አይደለችም። በነጻ የሚመጣ ደግነት እንደሌለ ታውቃለች። አሰበች፣ አሰበች፣ ከዚያ ገባት። ክሊኒኩ ውስጥ የሆነ ሰው በጠና ታሟል፤ ሰፈሩ ደግሞ ሸቶታል፤ እኔን በቲማቲምና በቧንቧ ደልሎ ምስጢሩን ሊያወጣ ነው። ቀን የመጡትን ታካሚዎች ማታ በሐሳቧ ታሰልፋለች። ይሄኛው ይሆን? ያቺ ትሆን? ማንም ይሁን ማን አዘነችለት። «ምስኪን» አለች ሻርፗን እያስተካከለች፤ «ሰፈር ሙሉ አሰፍስፎበት እሱ አያውቅም።»

እነሱ ደግ በሆኑ ቁጥር እሷ ይበልጥ ተቆለፈች። አንድ ቀን አትክልት ሻጩ አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ለሐዘንተኛ በሚወጣ ድምፅ ጠየቃት።

«እንዴት ነሽ ግን?»

«ስለ ክሊኒኩ ምንም አልናገርም» አለችው።

ሰውየው እንባው መጣ። ይህን ለሰፈሩ ሲያወራ፣ ምስኪን፣ ሕመሟን እንኳ በሥራ ትሸሽገዋለች አለ።

ሦስቱ ሳምንት እንዲህ እያለ ነጎደ፤ ሐሙስ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀረው። ወንድምየው አሁንም አመቺ ቀን አላገኘም፣ ግን ዘዴ አገኘ። ሆስፒታሉ ድረስ ካደረስኳት ሐኪሞቹ ራሳቸው ይነግሯታል፣ እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አለ። ወደ ቤቷ ሄዶ አንገቱን በእጁ ደግፎ ተቀመጠ። እህቴ፣ አንገቴን እየወጋኝ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ትልቁ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ፣ ብቻዬን ፈርቻለሁ፣ አብረሽኝ ሂጂ አላት።

ሌላ እህት ብትሆን ነጠቅ ብላ ትነሣ ነበር። ካዝና ግን እጇን አነሣች።

«ወንድምጋሼ፣ የሕመምህን ነገር ለኔ ባትነግረኝ ነው የሚሻለው። ሚስትህን ይዘህ ሂድ።»

«እኔ ባዳ ነኝ እንዴ? ወንድምሽ እኮ ነኝ።»

«ሆስፒታል ከገባህ ታካሚ ነህ። ሐኪም የሚልህን አጠገብህ ተቀምጬ አልሰማም።»

ለመናት፣ ተቆጣት፣ አንገቱ እውነት እስኪያመው ድረስ ያዘው። አልሆነም። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «አልቻልኳትም» አላት። ያን ሁሉ አስተማሪ ሲያስተዳድር የኖረ ሰው የራሱን እህት ወደ ራሷ ቀጠሮ ማድረስ አቃተው።

ካዝና ግን ያን ሌሊት አልተኛችም። አንገት? የሱም አንገት? ከዚያ ሁሉም ነገር በአንዴ ተገጣጠመላት። ቲማቲሙ፣ ጋቢናው፣ ቧንቧው፣ እርቁ። ሰፈሩ ምስጢር ሊጠይቃት አልነበረም፤ ሲያዝንላት ነበር። ወንድሟ ሊሞት ነው፣ ሰፈሩ ያውቃል፣ ለሷ አልነገሯትም። አብረሽኝ ሂጂ ብሎ ሲለምናት እሷ ደንብ ነገረችው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወሬ ፍለጋ ወጣች።

ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለችው ጸጉር ሠሪ ስሟ «አንቴና» ነው። የሰፈሩ ነገር ሁሉ በሷ ያልፋል። ይህን ያህል ዓመት ከካዝና አንዲት ቃል ለማውጣት ያላደረገችው የለም፤ በነጻ እጠብሻለሁ፣ በነጻ እሠራሻለሁ ብላታለች፣ ካዝና ግን ጸጉሯን እንኳ የምትሠራው ሌላ ሰፈር ሄዳ ነበር። ዛሬ ራሷ በሩን ገፍታ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አንቴና ተቀምጠው የነበሩትን ሴቶች ነገ ኑ ብላ አሰናበተች፣ ጸጉሯን ፈታችና ማበጠር ጀመረች። አንዱን ጎን አበጥራ ያዘችው።

«ወንድሜ ምን ሆኖ ነው?» አለች ካዝና በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት።

አንቴና ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ካዝና ወሬ ለመጠየቅ እሷ ዘንድ መጣች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«እኔ የሰው ምስጢር አላወጣም» አለች።

ካዝና ዞራ በቀጥታ አየቻት። ይህች ሴት ታማለች እንዴ ብላ።

«ወንድሜ እኮ ነው። የሰው ነው እንዴ?»

«የወንድምሽ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ማበጠሪያውን የያዘው እጅ ቆመ። አንቴና በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሻርፕ አየች፣ ከዚያ ወለሉን አየች።

«ያንቺ ነው» አለች።

  ካዝና እጇን ቀስ ብላ ወደ አንገቷ አነሣች።

«ምን ተባለ?»

«እሱን አትጠይቂኝ። እኔ ጋ ሲደርስ ስንት አፍ ዞሮ ነው። አንዷ ጉሮሮዋ አልቋል አለች፣ አንዷ ወር አትደርስም አለች። እኔም ትንሽ ጨምሬበት ይሆናል፣ ልማድ ነው። የኔ ወሬ ለሰሚ ይበቃል እንጂ ለባለጉዳዩ አይበቃም። ሂጂ ዶክተርሽን ጠይቂው። ሐሙስ የሚባል ነገር ሰምቻለሁ፣ ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው።»

ካዝና ግማሽ ጸጉሯ ተበጥሮ፣ ግማሹ ተንጨባርሮ መንገዱን ተሻገረች። ተራ ጠባቂው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ማንንም ሳታይ አልፋ የዶክተሩን በር አንኳኩታ ገባችና ዘጋችው።

ዶክተሩ በጸጉሯ ደነገጠ። ደህና ነሽ አላት። እሱን እርስዎ ይንገሩኝ አለችው። ወንድሟ ነግሯት እንደነበር ሊያስረዳ ጀመረ፤ እንዳልነገራት ከፊቷ ሲያነብ ወንበሩ ላይ አነሰ። እንደ ቤተሰብ ስለማይሽ ነው፣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፣ ከሰው ይልቅ ከወንድም ቢሰማ ይቀላል ብዬ ነው አለ። ካዝና ሁሉንም አስጨረሰችው። ከዚያ ለታካሚ የሚሆነውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ ተራዬ ነው» አለች።

ዶክተሩም ያን ጊዜ መናገር የነበረበትን ተናገረ። «ግን» የሚለውን ቃል ከዚያ ሁሉ ሰው መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። ቶሎ ከወጣ የሚድን ዓይነት ነው። አስደገመችው፣ ደገመላት። ስንት ሰዓት ላይ መድረስ እንዳለባት፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳትበላ፣ ድምፅዋ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠየቀች። ለነርሷ ቦታውን አስረክባ ወጣች፤ በመንገዷም ለባለተራው ሽማግሌ በጆሯቸው «ተራዎት ነው» አለቻቸው።

ማታ ለወንድሟ ደወለች።

«ወንድምጋሼ፣ አንገትህ እንዴት ነው?»

«ያው ነው፣ ይወጋኛል» አለ ወንድምየው፤ ዘዴ ከጀመሩ ወዲያ ማቆም የለም።

«እግዜር ይማርህ። ነገ እኔም እዚያ ጉዳይ አለኝና እንገናኛለን። አንተ ከታከምክ በኋላ እኔን ትጠብቀኛለህ።»

 ወንድምየው በስልኩ ውስጥ አለቀሰ። እሷም አባበለችው፣ የታመመው እሱ የሆነ ያህል።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል የሄደችው ግን ከአንቴና ጋር ነው። ወንድምየው ከነሚስቱ በሩ ላይ ሲጠብቅ ሁለቱን አብረው ሲያያቸው ፊቱ ጠቆረ። ከሰው ሁሉ መርጠሽ እሷን አላት። እሷ አልዋሸችኝም አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ቀዶ ሐኪሙ ልማዱ ነውና ቤተሰብ ማን ነው፣ ውጤቱን ለማን ልንገር አለ። ወንድምየው የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። ካዝና ተንጋላ በተኛችበት ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆና ጣቷን ወደ ራሷ ደረት ቀሰረች። እስክትነቃ ማንም እንዳይሰማ አለች። ሐኪሙ ወንድምየውን አየ፣ እሷን አየ፣ እሺ ብሎ ይዟት ገባ።

ሦስቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። የአንቴና ስልክ ዕረፍት አጣ። ሰፈሩ በተራ በተራ ይደውላል። አንቴናም ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠች፤ «አላውቅም» አለች። ይህ ቃል ከአፏ ወጥቶ ስለማያውቅ ማንም አላመነም። አንቴና አላውቅም ካለች በቃ አልቋል ማለት ነው ተባለ። አትክልት ሻጩ ዕቃውን ሰብስቦ ዘጋ። ከሰዓት ላይ ሰፈሩ ካዝናን ቀብሮ፣ ክሊኒኩ በሷ ቦታ ማንን እንደሚቀጥር መከራከር ጀምሮ ነበር።

ሐኪሙ ሲወጣ ወንድምየው ተነሥቶ መንገዱን ዘጋበት። ሐኪሙ በትሕትና በጎኑ አለፈ፤ ነቅታ ትስማ ብላለች አለ። ፊቱን ቢያዩት፣ ቢያዩት፣ ደክሞታል እንጂ ሌላ አይነበብበትም።

ካዝና ስትነቃ ሐኪሙ አልጋዋ ላይ ጎንበስ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ ነገራት። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ወደ ሌላ ቦታ መዛመቱን የሚያሳይ ነገር አላየንም። ድምፅሽ ጥቂት ጊዜ ይሻክራል፣ መድኃኒት በየቀኑ ትወስጃለሽ፣ ከዚያ ሥራሽ ላይ ትመለሻለሽ። በዓይኗ ድገመው አለችው፣ ደገመላት።

ከዚያ እነሱ እንዲገቡ ተፈቀደ። ወንድምየው፣ ሚስቱና አንቴና የአልጋውን ግርጌ ይዘው ተደረደሩ፤ ስድስት ዓይን ፊቷ ላይ ተተከለ።

«እህቴ፣ ምን አሉሽ?» አለ ወንድምየው።

ካዝና አንድ በአንድ አየቻቸው። ቆዩ እንደማለት ጣቷን አነሣች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ወንድምየው ትንፋሿን ቆሞ አዳመጠ። ወደ አንቴና ጠጋ ብሎ ምን ይመስልሻል አላት በሹክሹክታ።

«ዝም ይበሉ ጋሼ» አለችው አንቴና፤ «የተኛ ሰው አለ።»